ያልተመዘገበው «አንተ»

ኮምቦልቻ ውስጥ ጆሮ የተተከለበት ቤት ከደጃፉ ይታወቃል። የሚገባው ሰው ጫማውን ሳያወልቅ ቆም ይልና ጉሮሮውን ጠርጎ ስሙን ይናገራል፤ ለቤቱ ምኑ እንደሆነና ለምን እንደመጣም ይጨምራል። ይህን ሳይል የገባ እንግዳ ለቤቱ እመቤት ጣጣ ጥሎባት ይሄዳል። የቪዛው ቢሮ «ማክሰኞ ጠዋት ቤትዎ ውስጥ ያሳለው ሰው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያሳለውን ሰው መታወቂያ ፍለጋ ደግሞ ሰፈር ለሰፈር ያስዞራል።

«ኢክራም ሰይድ ነኝ። ጎረቤት ነኝ። ሚጥሚጣ ልዋስ ነው የመጣሁት» አለች ኢክራም ወደ ግድግዳው፣ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አሳርፋ። ከዚያ ወደ ሶልያና ዞረች። «ቀብር ውስጥ እንኳ ሦስት ጥያቄ ነው የሚጠብቀን እቴ። የናንተው ግን ማለቂያም የለው።»

«ኢክራም!» ሶልያና በዓይኗ ግድግዳውን አሳየቻት።

«ይስማ! እኔ ቪዛ አልጠየቅሁ።»

ጆሮ የሚሏት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ነገር ናት። ሕጋዊ ስሟ «የጥንድነት ተቀባይ» ነው፤ በዚያ ስም የሚጠራት ግን የለም። ሰሜን አገር ካለ ባል ወይም ሚስት ዘንድ ለመሄድ ያመለከተ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች፤ ፈቃዱ እስኪወጣም ትሰማለች። ዱሮ የሠርግ ፎቶ ይበቃ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። ቀጥሎ የስልክ መልእክት ተጠየቀ፣ ቀጥሎ የጋራ የባንክ ሒሳብ፤ ሁሉም እየተጭበረበረ መጨረሻ ላይ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጆሮ ያለባቸው ሰዎች እየዋለ እያደረ አነጋገራቸው ይለወጣል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው ያወራሉ፤ ዝም ሲሉ እንኳ «እያሰብኩ ነው» ብለው ያሳውቃሉ። አልፎ አልፎ መጨቃጨቅም ይመከራል፤ ጨርሶ የማይጣሉ ጥንዶች ለምን እንደማይጣሉ ማስረጃ ይጠየቃሉና።

ሶልያና ጆሮዋ ከተተከለች ሁለተኛ ክረምቷ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ክር የምትከታተል፣ ረጋ ያለች፣ ወደ አርባ አምስት የተጠጋች ሴት ናት። ከባሏ ከኢዮስያስ ጋር የተገናኙት ሁለቱም ጎልምሰው ነው፤ የተጋቡትም በቁርባን ነው። እሱ ሰሜን አገር ባሕር ውስጥ የቆሙ የነፋስ ማማዎችን ይጠግናል። ውሉ አገሩ እንዲመላለስ አይፈቅድለትም፤ ሚስቱን ማስመጣት ግን ይችላል፤ ሚስቱ መሆኗ ከታመነ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ይደውላል።

«ተነሳህ እንዴ አንተ?» አለ የዚያን ቀንም።

«ከተነሳሁ ቆየሁ።»

«በላህ?»

«ረቡዕ አይደል እንዴ ዛሬ? እስከ ዘጠኝ ነኝ።»

«እሺ የኔ ጌታ። በል ደርበህ ውጣ፤ ክረምት ነው፣ ደረትህን ይመታሃል።»

ኢዮስያስ ሰው ፊት ሚስቱን «አንቺ» ነው የሚላት። ሆዱ ሲባባ ግን «አንተ» ይላታል። የገዛ እናቱም እሱን በልጅነቱ «አንቺ ቆንጂት፣ ነይ እስቲ» እያለች ነው ያሳደገችው። የሚወዱትን ሰው ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረጉ መጥራት አገር ያወቀው ነገር ስለሆነ፣ ባልና ሚስቱ እንዲህ እየተጠራሩ መኖራቸውን ልብ ብለውትም አያውቁ።

ጥያቄው የመጣው የዚያኑ ቀን ነው። ሶልያና የፋብሪካው በር ላይ ቆማ ስልኳን አነበበች።

«ክብርት አመልካች፦ በባለቤትዎ ንግግር ውስጥ በወንድ ፆታ ተደጋግሞ የሚጠራ ያልተመዘገበ ሰው ተገኝቷል። የቅርበት ደረጃ፦ እጅግ ከፍተኛ። የዚህን ሰው ማንነት የሚያረጋግጥ ማስረጃ ያቅርቡ።»

ሳቀች። የልደት ካርዷን፣ የቁርባን ምስክር ወረቀቷን፣ የሚዜዎቿን ቃል፣ የእናቷን የሞት ማስረጃ ጠይቀዋት ሁሉንም ሰጥታለች፤ ይህ ግን ከሁሉም ቀላሉ መሰላት። «እኔ ነኝ» ብላ መለሰች። «ሲያቆላምጠኝ ነው።»

መልሱ እጇ ሳይወርድ ደረሰ። «በመታወቂያዎ መሠረት ሴት ነዎት። የፆታ እርማት ማስረጃ ወይም የሦስተኛውን ሰው ማስረጃ ያቅርቡ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በትሕትና የሆነ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት አብሯት ያደገ የአማርኛ መምህር ስለ ማቆላመጥ ጥሩ አድርጎ ጽፎ ሰጣት። ቢሮው አመሰገነና የመምህሩን የሥራ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱ ተላከ። አመሰገነና መምህሩ የጠቀሰውን የሰዋስው መጽሐፍ ጠየቀ። መጽሐፉ ተላከ። ቢሮው ገጹን ጠቅሶ፣ በመጽሐፉ መሠረት «አንተ» ለአንድ ወንድ የሚነገር እንደሆነና የቀረበው ማስረጃ የቢሮውን ጥርጣሬ እንደሚያጠናክር አስታወቀ። መምህሩ ተናደደ። «እንግዲህ ሰዋስው የተጻፈው እንደ ባልሽ ለሚያብድ ሰው አይደለም» አላት።

እሷም ፈራች። ለኢዮስያስ ስትነግረው እሱም እንደ እሷ መጀመሪያ ሳቀ።

«በቃ አስተካክላለሁ» አለ። «አንቺ እልሻለሁ። ምን ችግር አለው?»

ችግሩ በማግስቱ ታየ። «ተነሳሽ?» አላት። «ተነሳሁ» አለች። «በላሽ?» አላት። «በላሁ» አለች። ሁለቱም ቢሮ ውስጥ የተገናኙ ባለጉዳዮች መሰሉ። አንዳንድ ጊዜ አፉ ያመልጠውና «አን…» ብሎ ይገታዋል፤ እሷም በዚህ በኩል ትንፋሿን ትይዛለች። አንድ ቀን እንደውም የሚላት ጠፍቶት ስለ ባሕሩ የአየር ጠባይ ነገራት። ያ ወር ሳያልቅ አዲስ መልእክት መጣ፦ «በጥንዶቹ መካከል መቀዛቀዝ ተስተውሏል። መቀዛቀዙ የተጀመረው ያልተመዘገበው ሰው ከንግግሩ ከጠፋበት ዕለት አንሥቶ ነው። ይህ ሰው የት እንደሄደ ማስረጃ ያቅርቡ።» ከሥርም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረ፦ ጥያቄው እስከ ጳጉሜን ካልተመለሰ ፋይሉ ይዘጋል።

የተዘጋ ፋይል ለአሥር ዓመት አይከፈትም። ቢሮው «ጥንድ አይደላችሁም» ይላል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ያሠረችውን አትፈታም። ሶልያና ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጠዋት ጸሎቷን ስታደርስ ግን ጆሮ እንዳትሰማት ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ ባል ሳይሞትባት መበለት እንዳትሆን ለመነች።

*

ጋሽ ያፌት መናኸሪያው አጠገብ ጠባብ ቢሮ ያለው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ጆሮ ያለበት ሰው ሁሉ መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው። ጥያቄዎቹን በሙሉ አንድ በአንድ አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ሞኝ ነሽ እንዴ?»

«ምነው ጋሼ?»

«ወንድ ፈለጉ። አንቺ ሰዋስው ትልኪላቸዋለሽ። ወንድ ስጫቸዋ!»

«የምን ወንድ?»

«ልጅ። ወንድ ልጅ አላችሁ።» ጋሽ ያፌት ጣቱን እየቆጠረ ያሳምናት ጀመር። «አባትየው በስልክ ‹በላህ፣ ለበስህ› ይለዋል። ለማን ነው እንዲህ የሚባለው? ለልጅ! እናትየው ትመልስለታለች። እናት ለልጇ አትመልስም?»

«ድምፁ ተሰምቶ አያውቅማ።»

«ዲዳ ነው።»

ሶልያና አፈጠጠችበት።

«ዲዳ ነው፤ አፍራችሁ ደብቃችሁት ነው። ይኼ በየቤቱ ያለ ነው፣ ያምናሉ። አሁን ደግሞ ‹አንተ› መባሉ ስለቀረ ሞቷል። ልጁን አስመዝግቢው፣ ከዚያ የሞት ወረቀቱን አውጪለት። ሁለቱንም እኔ እጨርሰዋለሁ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም እኮ፤ የጎደለ ቦታ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ ያ ነው ነገሩ።»

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠኝም» አለች ሶልያና ቀስ ብላ። «ያልሰጠኝን ገደለብኝ ብዬ ልፈርም?»

ያፌት ለአፍታ አንገቱን ደፋ። እንደገና ቀና ሲል ድምፁ ለስልሷል። «እኔ እግዚአብሔርን አልነካሁም፣ እታለም። የማወራው ስለ ቢሮው ነው።»

«አልፈርምም።»

«እሺ። ጳጉሜን ግን እየመጣች ነው።»

*

ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ጠዋት ኢዮስያስ ደወለ።

«ሶልያና» አለ።

በሙሉ ስሟ ሲጠራት የሆነ ነገር እንዳለ ገባት። «አቤት።»

«ስለ ልጃችን ነገርኳቸው።»

ነጠላዋን ልታጣፋ የዘረጋችው እጇ እዚያው ቀረ። ጆሮ የምትለካው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ከጥያቄ በኋላ ያለውን ዝምታ ትለካለች ይባላል። አንድ ነገር ማለት ነበረባት።

«ስለ… ልጃችን» አለች።

«ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ናሆም ዲዳ እንደነበረ፣ አፍረን እንዳላስመዘገብነው፣ ታሞ ደሴ አክስቱ ዘንድ ሄዶ እዚያው እንዳረፈ… ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ያፌት በውክልናዬ ወረቀቱን ጨርሶታል።» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ሶልያና፣ አለሽ?»

«ማን ነው ናሆም?» ልትል ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ለምን ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ እሺ አትዪም ነበር።»

«አልልም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እያወቅህ!»

«እያወቅኩ ነው። እኔ ያለ አንቺ እዚህ ባሕር ላይ አሥር ዓመት አልችልም። በቃ፣ አልችልም። ፍረጂብኝ።»

ከ«ለምን ሳትነግረኝ» ወዲህ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር። ጆሮም ሁሉንም ሰማች።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙም ሳይቆይ መልእክት ገባ። «ክብርት አመልካች፦ በልጅዎ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። በቤትዎ እስካሁን የሐዘን ድምፅ አልተመዘገበም። ማስረጃ ያቅርቡ።»

ቁጭ አለች። ወደ ሥራ መሄድ፣ ያፌት ዘንድ ሮጦ ማስሰረዝ፣ መጮህ፣ የትኛውን እንደምታስቀድም ሳትወስን ከውጭ የብረት ድምፅ ሰማች። በመስኮት አየች። የእድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ እያራገፉ ነው። የሞት ምዝገባ ከቀበሌ በቀጥታ ለእድር እንደሚደርስ ረስታው ነበር።

ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆሞ ስሙንና የመጣበትን ለግድግዳው ተናገረ። ከዚያ ከስልኩ አነበበ። «ሕፃን ናሆም ኢዮስያስ፣ ዕድሜ አራት ዓመት…» እዚህ ሲደርስ ድምፁ ተንሸራተተ። ሰውዬው ጎረቤቷ ነው፤ በዚህ ቤት ሕፃን አይቶ አያውቅም። ሶልያናን ተመለከታት፣ ግድግዳውን ተመለከተ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጽናሽ» አለ።

ውጭ ሰዎች ይንሾካሾካሉ። «የማን ልጅ ነው?» «እኔ ምን አውቄ፣ ዝም ብለህ ግባ!» ንፍሮ የያዙ ሴቶች በተራ እየቆሙ፣ ስማቸውን እየተናገሩ፣ «ለለቅሶ ነው» እያሉ ገቡ። አንዷ ደንግጣ የአባቷን ስም ሳተችና መልሳ አረመች። ከገቡ በኋላ ግን ማንም አላለቀሰም። በማያውቁት ሰው እንዴት ይለቀሳል? እርስ በርስ እየተያዩ ተቀመጡ። ጆሮዋ ግድግዳው ላይ ነጭ ሆና ታየቻቸው።

መጨረሻ ላይ ኢክራም መጣች። «ኢክራም ሰይድ ነኝ። ጎረቤት ነኝ። ለ… ለለቅሶ ነው።» ሶልያና አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ጎትታ መዳፏ ላይ በጣቷ ጻፈች፦ ማን?

ሶልያና የኢክራምን መዳፍ ገልብጣ ጻፈችበት፦ ማንም።

ኢክራም መዳፏን አየችው፤ የተጻፈበት ነገር የቀረ ይመስል ዘግታ ያዘችው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሻሿን አጥብቃ አሠረች፣ ደረቷን መታች፣ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀውን ያንን ትልቅ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ውይ ልጄን! እኔ ልቅደምልህ ልጄ! ስምህን ሳልጠራህ! ና ብዬ ሳላጎርስህ!»

ሌሎቹም የምታስጀምራቸው አጥተው ነበርና አብረዋት ተነሡ። መጀመሪያ ለጆሮ አለቀሱ፤ ይህ ያስታውቅ ነበር። ቀስ በቀስ ግን አንዷ ወንድሟን አስታወሰች፣ አንዷ በስደት መንገድ ላይ የቀረ ልጇን፤ ቤቱ ያለ ማንም ትእዛዝ እውነተኛ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሶልያና መሐል ላይ ዓይኗ ደርቆ ተቀምጣለች። ውሸት ላይ እንባዬን አልጨምርም ብላ ለራሷ ምላ ነበር።

«ጫማህን ማን ያስርልህ ልጄ?» አለች ኢክራም። «ቀኙን ከግራው ሳትለይ!»

ሶልያና አጎንብሳ የነበረውን ራሷን ቀና አደረገች። ዓይኗ በር ሥር ከተደረደሩት ጫማዎች ላይ አረፈ፤ ሁሉም ትልልቅ ናቸው፣ ሁሉም የአዋቂ። ይህ ቤት ትንሽ ጫማ ገብቶበት አያውቅም፤ አይገባበትምም። ይህን ያን ያህል ዘመን ታውቀው ነበር፤ አንድም ቀን ግን ለቅሶ አልተቀመጠችለትም፤ ሰውም «እግዜር ያጽናሽ» ብሏት አያውቅም። ከሆዷ የወጣው ድምፅ የራሷ አልመሰላትም። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሡ። ኢክራም ማስመሰሏን ትታ አቀፈቻት።

*

የንስሐ አባቷ ሁሉንም ሰሙ። የተናገሩት ቃል አጭር ነው። «ሲጠይቁሽ እውነቱን ተናገሪ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግዚአብሔር ነው።»

የጠየቋት በጳጉሜን ዋዜማ ነው። ደሴ ያለው ቅርንጫፍ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ከጣሪያው የሚመጣ ለስላሳ የወንድ ድምፅ ያለበት ክፍል ነው። ሶልያና በኮምቦልቻው አቀበት አውቶቡስ ውስጥ ሳለች የምትለውን በልቧ ስትለው መጥታለች። እውነቱን ከተናገረች ፋይሉ እንደሚዘጋ ታውቃለች።

«ክብርት አመልካች፣ ስለ ሟች ልጅዎ ስለ ናሆም ጥቂት እንጠይቅዎታለን። ዝግጁ ነዎት?»

«ዝግጁ ነኝ። ናሆም የሚባል ልጅ ግን የለኝም።»

«ጊዜ ይውሰዱ።»

«ጊዜ አልፈልግም። ልጅ ወልጄ አላውቅም። ባሌ ‹አንተ› የሚለው እኔን ነው። ብነግራችሁ አላመናችሁኝም፤ ልጁ የተፈጠረው ለዚያ ነው። ውሸት ነው፤ እኔም አልስማማበትም።»

«ውሃ በቀኝዎ በኩል ያገኛሉ።»

«ውሃ አልጠማኝም! እየሰማችሁኝ ነው?»

«እየሰማንዎት ነው። የልጁን ስም ሲጠሩ ድምፅዎ ይንቀጠቀጣል።»

«ፈርቼ ነዋ! ባሌን እንዳላጣ ፈርቼ!»

«አንድ ሰው አጥተዋል፤ ሌላ ሰው እንዳያጡ ይፈራሉ። ይህ ተመዝግቧል።»

«አላጣሁም! እግዚአብሔርን ምስክር አድርጌ ነው የምናገረው፤ ልጅ አልነበረም!»

«እናቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላሉ» አለ ድምፁ፣ በጣም በርኅራኄ።

ሶልያና ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

«በለቅሶው ዕለት ከተሰማው ድምፅዎ ጋር ተነጻጽሯል» ሲል ቀጠለ። «ሐዘኑ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቷል። መካድ ከሐዘን የታወቁ ምልክቶች አንዱ ነው። ተጨማሪ ማስረጃ አያስፈልግም። ፈቃድዎ ተሰጥቷል።»

ተጨማሪ ማስረጃ አያስፈልግም። ሁለት ክረምት ሙሉ ይህን ቃል ጠብቃለች።

«ከመሄድዎ በፊት» አለ ድምፁ፣ «በመዝገቡ ላይ እርማት ማቅረብ ይፈልጋሉ? እርማት ከቀረበ ፋይሉ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ከፈለጉ ‹አዎ› ይበሉ።»

እውነቱን እየደጋገመች ተናግራለች፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራት። እጇ ብርጭቆውን ጨበጠ። ኢዮስያስ «አልችልም፣ ፍረጂብኝ» ያለው መጣባት፤ የንስሐ አባቷም መጡባት። ከንፈሯ ተላቀቀ፣ ተመልሶም ገጠመ።

«ምላሽ ስላልተሰማ ጥያቄው ተዘግቷል» አለ ድምፁ። «መልካም ጉዞ።» በሩ በራሱ ተከፈተ።

*

ጆሮዋን ሊነቅል የመጣው ሠራተኛ ከልማድ የተነሣ ስሙን ለግድግዳው ተናገረ፤ ከዚያ በጥፍሩ ፈልቅቆ ኪሱ ከተታት። በግድግዳው ላይ ንጹሕ ክብ ቦታ ቀረ። ኢክራም በሩን በርግዳ ስሟን ሳትናገር ገባች፤ ክፍሉ መሐል ቆማ ቢሮውን የሰደበችው ስድብ እዚህ አይጻፍም።

ኢዮስያስ ደወለ።

«አሁን የሚሰማን የለም» አለ።

«የለም።»

እሷ ጀመረች። «ለምን ናሆም አልከው?»

«ሌላ ስም አልመጣልኝም። ከተጋባን ጀምሮ አፌ ላይ የነበረ ስም ነው።»

«አንድም ቀን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«እንዳይከብድህ ብዬ…» አለና ቀጥ አለ።

ቃሉ በሁለቱ መሐል ቆመ። ዱሮ የእሷ ነበር፤ አሁን ወረቀት ላይ የሞት ቀን ያለው ሌላ ባለቤት አለው። ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለማለት የፈለግኩት፣ እንዳይከብድሽ ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል» አለች ሶልያና።

ከመሄዷ በፊት ከንስሐ አባቷ ዘንድ ለመድረስ አሰበች። ማሰብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሻንጣ አለ፣ የቤት ርክክብ አለ፣ ስንብት አለ። ኢክራም ሚጥሚጣ ቋጠረችላት። ሶልያና የመንገድ ጸሎት አደረሰችና በሩን ቆለፈች።

አዲስ አበባ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ላይ፣ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዋ ደርሶ ወረቀቷን በመስታወቱ ሥር አሳለፈች። የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛ አንገቷ ላይ ማዕተብ አሥራለች። ስክሪኑን አነበበች፤ የሥራ ፊቷ ጠፋና የሰው ፊት መጣ።

«ውይ እናቴ» አለች ዝቅ ብላ። «አራት ዓመቱ ነበር?»

ከኋላዋ ያለው ሰው ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አደረገ።

ልጅቷ ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን አሳረፈች። አልመለሰችላትም ገና፤ በሁለት እጇ እንደያዘችው ዓይኗን ወደ ሶልያና አነሣች። «ነፍሱን በገነት ያኑርልሽ» አለች። አለችና ጠበቀች፤ እንዲህ ያለ ቃል ያለ መልስ አይቀርምና።

ሶልያና የልጅቷን ፊት አየች። በዚያ ሁሉ ወራት ማስረጃ ሳትጠይቅ ያመነቻት የመጀመሪያዋ ሰው ይህች ናት፤ ያመነችውም እውነት ያልሆነውን ነው። «ልጄ፣ ልጅ የለኝም» ማለት ይቻል ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ በሩ ክፍት ነው፤ ሰዎች እየሄዱ ነው። የምትለውን ለማን እንደምትለው ራሷም አላወቀችም።

«አሜን» አለች፤ እጇንም ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለች።